የማይጨበጠው መጽሐፍ ስለ ምን ተወደደ?

መጽሐፍ ተወደደ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ወረቀቱን፣ ቀለሙንና የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ነው። ወረቀት የሌለው፣ ቀለም የማይጠጣ፣ የጭነት መኪና የማያሻው መጽሐፍ ከታተመው እኩል፣ አንዳንዴም አብልጦ ሲያስከፍል ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። በታሪክ፣ በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ክፍሎች የምንማር ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በዚህ ጉዳይ እንበሳጫለን፤ ተበሳጭተንም እንተወዋለን። ዛሬ ብስጭቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚሠራ ለባልንጀሮቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። ማማረሩን ሁላችንም እንችልበታለን፤ የምናማርረው ማንን እንደ ሆነ ግን አጥርተን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ምሳሌውን ከሩቅ አናመጣም። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፍባት ዳንግላ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን ጣናን በዙሪያው፣ ዓባይን በሸለቆው አፋፍ እየተከተለ ለዓመታት የተጓዘ ሰው ነው፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝ አገር በመጽሐፍ አሳተመ። ሮበርት ሄትዝሮን የተባለው የቋንቋ ሊቅ ደግሞ ስለ አውኚ ግሥ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1969 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አወጣለት። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ አገው ሕዝብ ታሪክ የጻፉት ጥናት በኬምብሪጅ በሚዘጋጀው የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። እንግዲህ ስለ አዊ ምድር መማር የሚሻ ተማሪ ሊጀምርባቸው የሚገቡ ሦስት ጽሑፎች እነዚህ ናቸው። ሦስቱም የታተሙት ባሕር ማዶ ነው። አገሩ የእኛ ነው፤ ቋንቋው የእኛ ነው፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ የእኛው ሊቅ ናቸው፤ የመጽሐፉ ቁልፍ ግን ያለው በሌላ ሰው ኪስ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አራት ሆነን አንድ የታሪክ መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ ቅጁ ለመግዛት ተነሣን። የአሳታሚውን ስም አንጠራም። ዋጋው 30 ዶላር ነው። ገንዘቡን ካዋጣን በኋላ መጀመሪያ የገጠመን እክል የመክፈያው ነገር ነበር። በብር የተቀመጠ የቁጠባ ሒሳብ ካርድ እዚያ ማዶ አልሠራልንም፤ ቴሌብርንም ያ ሱቅ አያውቀውም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመድ መለመን ግድ ሆነ። ዘመድ ከፍሎልን መጽሐፉ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሰው ስም ብቻ የሚከፈት ሆኖ ተገኘ። የቆሎ ተማሪ በአንድ ዳዊት ዙሪያ ተሰብስቦ እንደሚቀመጥ እኛም በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀመጥን። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪው ዳዊት ባትሪ አይጨርስም።

ከዋጋው እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን አላቆመም። የ30 ዶላር መጽሐፍ በ57 ብር ሲመታ 1,710 ብር ነው። በ100 ብር ሲመታ 3,000 ብር ይሆናል። በ150 ብር ቢታሰብ 4,500 ብር ይደርሳል። አሳታሚው በዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ መጽሐፉ ግን ለእኛ ከእጥፍ በላይ ተወደደ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር፣ በኋላም 22 ብር እንደ ነበረ ማንም ያስታውሳል። በ22 ብሩ ሒሳብ ያ የድሮው 1,710 ብር ብቻ የ77 ቀን ቀለብ ነው። አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ከኅዳር እስከ ጥር መጾም ማለት ነው።

ይህ የእኛ የብቻችን ችግር ነው። የሚቀጥለው ግን የዓለም ሁሉ ነው።

አዲስ ቅዳም ላይ የሚጫን የዲከረንስ ከሰል አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን እንደሚወደድ ለፋግታ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ጆንያው፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ደላላው፣ ቀረጡ ሁሉ በየመንገዱ ላዩ ላይ ይጨመርበታል። በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ላይ ይህ ሁሉ የለም ማለት ይቻላል፤ ከለንደን እንጅባራ የሚደርሰው በአፍታ ነው። ታዲያ ዋጋው የት ነው ያለው? አሳታሚዎች የሚሰጡት መልስ ከፊሉ እውነት ስለ ሆነ አስቀድመን እንስማው። ወረቀት፣ ማተሚያና ማጓጓዣ ከምሁራዊ መጽሐፍ ዋጋ ውስጥ አነስተኛውን ድርሻ የሚይዙ ናቸው ይላሉ። ገንዘቡ የሚጠፋው ጽሑፉን ገምጋሚ እንዲያየው፣ አራሚ እንዲያርመው፣ ገጹ እንዲሰናዳ፣ ማውጫውና ካርታው እንዲሠራ በማድረግ ላይ ነው። ይህ ወጪ አንድ ቅጂም ቢሸጥ አንድ መቶ ሺህም ቢሸጥ ያው ነው። ልብ ወለድ ሲሆን ወጪው ለብዙ ሺህ ገዢ ይከፋፈላል፤ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ግን በመላው ዓለም ጥቂት መቶ ገዢ ቢያገኝ ነው። ለጥቂት ሰው የተከፋፈለ ዕዳ በእያንዳንዱ ላይ ይከብዳል። እዚህ ድረስ እንስማማለን።

የማንስማማው ከዚህ ወዲያ ነው። ያ ወጪ አንድ ጊዜ ከተመለሰ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። እንደዚያም ሆኖ ዋጋው አይወርድም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው አሳታሚው ጠንካራ ሽፋን ያለውን ውድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ስለሚሸጥ፣ የኤሌክትሮኒኩ ቅጂ ረክሶ ያንን ገበያ እንዳያበላሽበት ይፈራል። ሁለተኛውና ዋናው፣ መጽሐፍ እንደ ድንች አይደለም። የእንጅባራ ድንች ቢወደድ የቲሊሊውን እንገዛለን። ፕሮፌሰሩ ያዘዙት ምዕራፍ የሚገኘው ግን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ የመሸጥ መብቱም የአንድ ድርጅት ብቻ ነው። ብቸኛ ሻጭ ዋጋውን የሚተምነው በድካሙ ልክ ሳይሆን በገዢው አቅም ልክ ነው፤ ገዢ ብሎ የሚያስበውም የኦክስፎርድንና የቦስተንን ቤተ መጻሕፍት ነው እንጂ እኛን አይደለም። እኛ በሒሳቡ ውስጥ የለንም።

ዋጋው የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድል የሚባለውን ማንበቢያ ሲያወጣ አዳዲስ ተወዳጅ መጻሕፍትን በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። አሳታሚዎቹ ይህን ጠሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 አፕል አይፓድን ሲያወጣ አምስት ታላላቅ አሳታሚዎች ከአፕል ጋር ተስማምተው ዋጋውን ሻጩ ሳይሆን አሳታሚው እንዲወስን አደረጉ፤ የብዙዎቹም አዳዲስ መጻሕፍት ዋጋ ወደ 13ና 15 ዶላር ገደማ ወጣ። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰሳቸው። አሳታሚዎቹ ታረቁ፤ አፕል ተከራክሮ በ2013 ተረታ፤ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 ሳይታይለት ሲቀር 450 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ። ነገር ግን አሳታሚዎቹ ከዚያ በኋላ በየግላቸው እየተዋዋሉ ዋጋውን የመወሰን ሥልጣን መልሰው ያዙ። ስምምነቱ ተቀጣ፤ ዋጋው ግን ቀረ።

አሁን ደግሞ ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ከዋጋው ይልቅ የሚያስከፋን በዚያ ዋጋ የምንገዛው ነገር ምንነት ነው።

የወረቀት መጽሐፍ የገዛ ሰው ባለ ርስት ነው። ያነብበዋል፤ ለወንድሙ ያወርሰዋል፤ ቢቸገር ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይሸጠዋል፤ ያ መጽሐፍ አሥር ተማሪ አስመርቆ ሽፋኑ ቢላላጥም ቃሉ አያልቅም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ «የገዛ» ሰው ግን በእውነቱ አልገዛም። ተስማምቻለሁ ብሎ በተጫነው ረጅም ውል ውስጥ የተሰጠው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። ሊያውሰው፣ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው አይችልም። የካቲት 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲሰለፉ ጭሰኝነት ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። በጎጃም የአባት ርስት ይበዛ ስለ ነበረ እኛ ጭሰኝነትን ያወቅነው ከአያቶቻችን አይደለም፤ ከስልካችን ነው።

ነገሩን አጋነናችሁት የሚለን ካለ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የሆነውን እንንገረው። አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና ሌላ አንድ ልብ ወለድ የመሸጥ መብት በሌለው አቅራቢ በኩል ሸጦ ኖሮ፣ ስሕተቱን ሲያውቅ መጻሕፍቱን ከገዢዎች ማንበቢያ ውስጥ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ገንዘቡን መልሷል፤ በኋላም ይቅርታ ጠይቋል። ነገር ግን በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ የከረመ አንድ የአሜሪካ ተማሪ ማስታወሻው ከንቱ ሆኖ ቀረበት። መጻፊያ ቤታችን ገብቶ ከመደርደሪያችን መጽሐፍ አንሥቶ የሚሄድ ነጋዴ እስከ ዛሬ አልታየም ነበር።

በሕግ ረገድ ልዩነቱ የሚታየው በሁለት ፍርዶች ነው። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የሚባል የታይላንድ ተማሪ አሜሪካ አገር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ ዘመዶቹ በአገሩ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡትን እነዚያኑ የመማሪያ መጻሕፍት እየገዙ ይልኩለት፣ እርሱም እየሸጠ ይማር ነበር። አሳታሚው ዊሊ ከሰሰው፤ በበታች ፍርድ ቤት 600,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በስድስት ድምፅ ለሦስት ለተማሪው ፈረደ፤ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ መጽሐፍ የትም ይታተም የገዢው ነው አለ። በአንጻሩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019፣ ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን ይሸጥ በነበረው ቶም ካቢኔት በተባለ የሆላንድ ድርጅት ጉዳይ፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ ተመልሶ ሊሸጥ አይችልም ሲል ወሰነ። የወረቀቱ መጽሐፍ አሮጌ ገበያ ስላለው አዲሱ ያለ ልክ እንዳይወደድ ይገታዋል። የኤሌክትሮኒኩ አሮጌ ገበያ የለውም። ለዘላለም አዲስ ነው፤ ለዘላለምም ውድ ነው።

የድሮው አሠራር ለድኻ አገሮች አንድ በጎ ነገር ነበረው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1960ዎቹ መባቻ የጀመረውና እስከ 1990ዎቹ ድረስ የቆየው የርካሽ መማሪያ መጻሕፍት ድጎማ አንዱ ነው፤ አሳታሚዎች ለእስያ በቀጭን ወረቀት የሚያትሟቸው ቅጂዎች ሌላው ናቸው። ወረቀት ከባድ ስለ ሆነ ርካሹን ቅጂ እዚያው ማስቀረት ይቻል ነበር። የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ግን ድንበር ስለማይከብደው ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም አንድ ዋጋ መተመኑን መረጠ፤ አንዱም ዋጋ የሀብታሙ ሆነ።

«እኛ ባንችል ቤተ መጻሕፍት ይግዛልን» የሚል ይኖራል። እኛም እንደዚያ እንል ነበር። ነገር ግን ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ለግለሰብ ከሚሸጠው ብዙ ጊዜ እጅግ የበለጠ ዋጋ አለው፤ በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ፣ ወይም ለተወሰነ ዓመት ብቻ እየተባለ ይቆረጣል። ሃርፐርኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የሸጠው መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንዲዘጋና እንደገና እንዲገዛ ደነገገ። ማክሚላን በ2019 አዲስ መጽሐፍ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ ትልቅ ከተማም ቢሆን፣ አንድ ቅጂ ብቻ እሸጣለሁ ብሎ ነበር፤ ተቃውሞ በዝቶበት በመጋቢት 2020 ተወው። በእንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዋጋው እንዲመረመር ዘመቻ ከፍተዋል። በ2022 ዊሊ ከ1,300 በላይ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ጥቅል ስብስብ ውስጥ ትምህርት በሚጀመርበት ወቅት አወጣ፤ ጩኸቱ ሲበረታ ለጊዜው መለሳቸው። እነዚያ ሀብታሞቹ ናቸው። ሀብታሙ ካለቀሰ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ምን ይበል?

በዚህ ጊዜ ተማሪው ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። ይህን መደበቅ ግብዝነት ነው፤ በየመኝታ ክፍሉ የሚሠራበት ነው። እኛ ግን ሁለት ነገሮች ሲደባለቁ ማየት አንወድም። አንዱ፣ ለእኛ ለመሸጥ ያላሰበው የባሕር ማዶ ድርጅት መጽሐፍ ነው። ሌላው፣ በራሱ ገንዘብ ወረቀት ገዝቶ፣ ተበድሮ ያሳተመ የአገራችን ደራሲ ልብ ወለድ ገና ሱቅ ሳይደርስ ፎቶ ተነሥቶ መበተኑ ነው። ሕጉ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያቸዋል፤ የእኛ ኅሊና ግን አያያቸውም። ሁለተኛው ደራሲውን ከነቤተሰቡ መንጠቅ ነው፤ በብር የሚገዛ፣ በቴሌብር የሚከፈል፣ በሻይ ቤት ዋጋ የሚቀመስ የአማርኛ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ገበያ እንዳያድግም አንቆ የያዘው ከፊሉ ይኸው ነው።

ስለ ሕግ ካነሣን ስለ ቺዝማን አንድ ነገር እንጨምር። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት የሚጸናው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን 70 ዓመት ነው። ቺዝማን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እንግዲህ በእኛ ሕግ አቆጣጠር ዘመኑ በ2012 አበቃ፤ በእነርሱ ግን እስከ 2032 መጨረሻ ይቆያል። በዳንግላ ነጻ የሆነው የዳንግላ ቆንስል በለንደን ገና እስረኛ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ሱቁም የሚከተለው የለንደንን ሕግ ነው።

ደግሞ የመብራትና የመስመር ነገር አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ በመስመር ላይ ካልሆነ የማይከፈት መጽሐፍ ያለው ሰው ምንም መጽሐፍ የለውም ማለት ነበር። ስለዚህ ነጻም ሆነ በዋጋ የሚገኝ ማናቸውንም መጽሐፍ ስንመርጥ፣ ወደ ስልክ ወርዶ ያለ መስመር የሚነበብ መሆኑን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።

አሁን ያለ ገንዘብና ያለ ስርቆት ምን ማግኘት ይቻላል? ከሚታሰበው በላይ አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ማኅበር ሥር ያሉት ስብስቦች፣ ማለት የጤናው ሂናሪ እ.ኤ.አ. ከ2002፣ የእርሻው አጎራ ከ2003፣ የሕጉ ጎአሊ ከ2018 ጀምሮ፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት ያለ ክፍያ የሚከፈቱ ናቸው። የጤናና የእርሻ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ እንደሚጠግቡ ከስሞቹ ይታያል፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንደ ልማዱ በማዕዱ ጫፍ ነው የሚቀመጠው። ለእኛ የሚጠቅመን ጄስቶር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በዚያ ይገኛል፤ የግል መዝገብ የከፈተ ሰውም በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነጻ በመስመር ላይ ማንበብ ይችላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት ስለ አዊ የተጻፉ ሥራዎችን ሳይቀር ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ በክፍት ክምችት እንዲቀመጥ ያዝዛል። ስለዚህ አንድ መምህር ጥናታቸውን በውድ መጽሔት ቢያወጡም የራሳቸውን ቅጂ በአክብሮት ብንጠይቃቸው ነውር የለበትም፤ የውጭ ሊቃውንትም በኢሜይል ሲጠየቁ ብዙዎቹ ይልካሉ። ከመጽሐፉ ዋጋ ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ መነበቡን ከሽያጩ አብልጠው ይወዱታል።

ሄትዝሮን በ1969 ያወጣውን መጽሐፍ ለመግዛት ያልቻለ የአውኚ ተማሪም ባዶ እጁን አይቀርም። አንድሬያስ ዮስቪግ የተባለው አጥኚ ስለ አውኚ ድምፆች ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 በኤስ.አይ.ኤል. የኤሌክትሮኒክ ጽሑፎች ተራ በነጻ ወጥቷል። ካርድ አይጠይቅም፤ የማን ስም ነህ አይልም፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ መስመር ቢጠፋም ይከፈታል። እኛ ባለፈው ወር ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለው የፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመነዋል፤ የጠረዝነው በሁለት ስቴፕል ሲሆን፣ አሁን አምስተኛው አንባቢ ዘንድ ነው።